ከመጋረጃው ጀርባ የቆዩት ማይክሮስኮፖች

ወንድሜ ጭንቅ ሲይዘው የሸሚዙን ሁለተኛ ቁልፍ ይጠመዝዛል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች፣ “ይህ ልጅ ምን ሆነብኝ?” የምትለው ፊቱን አይታ ሳይሆን ቁልፉን አይታ ነበር። አሁን ፀጉሩ ሸብቶ፣ ጡረታው እየተቃረበ እንኳ ቁልፉን አልተወውም። ባለፈው ዓመት ያንን ቁልፍ ስንት ጊዜ መልሼ እንደሰፋሁት እኔና መርፌዬ ነን የምናውቀው።

የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። አስተማሪ አይደለም፤ ማይክሮስኮፕ ጠጋኝ ነው። ተማሪዎች በባዶ ዓይን የማይታየውን ነገር አጎንብሰው የሚያዩበትን መሣሪያ ፈቶ ያጸዳል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ የደበዘዘውን ይወለውላል። ከላቦራቶሪዎቹ በስተጀርባ፣ የውኃ ታንከር ጥላ የሚያርፍባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። ጓደኞቹ “ሌንሱ” ይሉታል፤ ተማሪዎቹ “ጋሽ ሌንስ”። “በስሜ የሚጠራኝ የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም በወር አንዴ” እያለ ይቀልዳል።

ወደ ግቢው የገባው መስኮት አጽጂ ሆኖ ነበር። ያኔ ክፍሏን የያዙት ሽማግሌ ባለሙያ አንድ ቀን ከታች ቆመው ሲወለውል አዩት። ሌላው ሰው ጨርቁን ይዞ መስተዋቱን ይፈትጋል፤ እሱ ግን መጀመሪያ እፍ ይልበታል፣ ቀጥሎ ከመሐል ወደ ዳር እያዞረ ይዳብሰዋል። “ውረድ፣ አንተ ልጅ” አሉት። “ይህ እጅ መስኮት ላይ ባክኗል።” ወርዶ ተከተላቸው። ሙያውን ከእሳቸው ለመደ፤ እሳቸው ጡረታ ሲወጡም ክፍሏን ከነመፍቻዎቿ ተረከበ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ሌላ ሥራም አልተመኘም።

እኔ ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ የምኖረው ከእሱ ጋር ነው፤ ከግቢው በር አጠገብ ያለችው ክፍል የእኔ ናት። በሥራው ውስጥ የእኔ ድርሻ ልብሱ ነው። ማይክሮስኮፕ አቧራ አይወድም። ስለዚህ ተጠግኖ ሲያልቅ ልብስ ይለብሳል፤ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ የትንሽ ልጅ የዝናብ ካፖርት የመሰለ ልብስ። ወንድሜ ከመሥሪያ ቤቱ ወፍራም ግራጫ ጨርቅ ያመጣልኛል፤ እኔ በእጅ መኪናዬ እሰፋለሁ። ታች ጠርዙ ላይ ማሰሪያ ክር አስገባበታለሁ፤ ጫፉንም እንዳይተረተር አጥፌ እደግመዋለሁ። ያልተጠገነ ማይክሮስኮፕ ልብስ አያገኝም። ደንቡን ያወጣው ወንድሜ ነው፤ ከቤታችን ሰው ይህን የማያውቅ የለም።

ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ሊሆን ነው የሚለውን ወሬም የሰማሁት ከቁልፉ ነው ማለት ይቻላል። እራት ላይ ተቀምጦ ሲጠመዝዘው አየሁና፣ “ምን ተባለ?” አልኩት።

“ከእንግዲህ መንግሥት እንደ ድሮው በጀት አይቆርጥልንም አሉ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ አግኝቶ ያድራል።”

“ታዲያ ምን ክፋት አለው?” አለች ሚስቱ። “ሰው ሁሉ ሠርቶ አይደል የሚያድረው?”

“ክፋትስ የለውም። ግን እያንዳንዱ ክፍል ይመዘናል። ምን እንደሚጠቅም ያላሳየ ይታጠፋል።”

“አንተማ ትጠቅማለህ።”

“እኔና አንቺ ስላወቅን ምን ይሆናል?” አለና ቁልፉን እንደገና ያዘ።

ብዙም ሳይቆይ ስትራቴጂያዊ ዕቅድ የሚባለው መጣ። በአስተዳደሩ ሕንጻ መተላለፊያ ላይ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። ከየክፍሉ ስም ፊት በየሩብ ዓመቱ አንዲት ክብ ቆርቆሮ ትንጠለጠላለች። አረንጓዴ ከሆነች ተርፈሃል፤ ቢጫ ከሆነች ተጠንቀቅ ነው። ቀይ በተከታታይ ሁለት ጊዜ የተሰቀለበት ክፍል ይዘጋል፤ ሥራውም ለውጭ ድርጅት በኮንትራት ይሰጣል፤ ሠራተኛው በተገኘው ቦታ ይመደባል። ለወንድሜ የሚገኘው ቦታ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶት አያውቅም። “በር ላይ ያቆሙኛል” ይለኝ ነበር። “ቦርሳ ፈትሽ ይሉኛል፣ እትዬ። በዚህ እጄ የሰው ቦርሳ ልበረብር ነው።”

አንድ ጓደኛ አለው፤ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፣ ግቢው በሙሉ “መጋዘኑ” ይለዋል። ሆዱ ከፊቱ ይቀድማል፣ ሳቁ ከሆዱ ይቀድማል። እሑድ ከሰዓት እየመጣ ሻይ ይጠጣል። ያን ሰሞን ወንድሜን እንዲህ ሲለው ሰማሁ።

“ምን ያስጨንቅሃል? ሰሌዳው ነው እንጂ አዲስ፣ ጨዋታውማ የድሮው ነው። ዕቅድህን ትሞላለህ፣ ትርፉን ትደብቃለህ።”

ብዙ ጊዜ በሰው ጨዋታ አልገባም። ያን ቀን ግን አመለጠኝ። “ጥሩ የሠራ ሰው ለምን ይደብቃል?”

“እንዴ፣ እትዬ! ዘንድሮ ሠላሳ ከጠገነ ለከርሞ አርባ ጠግን ይሉታል። አርባ ከጠገነ ሃምሳ። በገዛ ጉልበቱ ሊያስገርፉት? ብልህ ሰው የተባለውን ያህል ያደርስና እጁን ይታጠባል። የተረፈውን ለቀጣዩ ሩብ ዓመት ያቆየዋል። እኛ ግቢ ያላቆየ ሰው ካዩ እሱ ትናንት የተቀጠረ ነው።”

ወንድሜ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አላለፈም። በሳምንቱ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ መጣና መጋረጃ አድርጊልኝ አለኝ። ለመስኮት መስሎኝ በሁለት በኩል አጥፌ፣ ቀለበት አስገብቼ ሰጠሁት። ለካስ ለመደርደሪያ ኖሯል። በዚያ ወቅት እጁ ቀንቶት ስለነበር በዕቅዱ ከተያዘው በላይ ጠግኗል። ትርፎቹን ልብሳቸውን አልብሶ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደርድሮ አስቀመጣቸው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ቆርቆሮ አረንጓዴ ሆነች። ያን ማታ ዳቦ ገዝቶ ገባ፤ ቁልፉንም አልነካም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ግን እሱም መጋዘኑም ያላሰቡት ነበር። የዕቅድና አፈጻጸም ክፍል ኃላፊዋ፣ ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ድምፅ የማያሰማ ሴት ናት አሉ፤ ሁሉንም ሰብስባ መለኪያው ተቀይሯል አለች። “ከእንግዲህ ስንት ጠገናችሁ ብለን አንጠይቅም። የተበላሸው ዕቃ እናንተ ዘንድ ከገባ እስኪወጣ ስንት ቀን ቆየ ብለን ነው የምንጠይቀው። ላቦራቶሪው የሚፈልገው ቁጥር አይደለም፤ ዕቃውን ነው።”

ወንድሜ ያን ቀን ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ሌላው ሰው ገብቶ እስኪተኛ ጠብቆ ወደ እኔ ክፍል መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“እትዬ፣ ጉድ ሆንኩልሽ። ያቆየኋቸው ሁሉ ዕድሜ እየቆጠሩ ነው።”

“እንዴት?”

“ባወጣኋቸው ቀን እያንዳንዱ ስንት ወር እኔ ዘንድ እንደተኛ ይታያል። ቀይ ያደርጉኛል። ባላወጣቸው ደግሞ በየቀኑ ይብስብኛል። ወዲያ ብል ገደል፣ ወዲህ ብል ገደል ሆነብኝ።”

ምን ልበለው? መኪናዬ ላይ የተጀመረ ልብስ ነበረ። አንስቼ ክሩን በጠስኩና፣ “ይህንንስ ልጨርሰው?” አልኩት። ሞኝ ጥያቄ ነው፤ ሌላ ግን አልመጣልኝም። ራሱን እንደያዘ ተነሥቶ ወጣ።

አንድ ሴት ልጅ አለችው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ትምህርቷ ስለ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ነው። ነገር በሆዷ አይድርም። በማግሥቱ እራት ላይ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ጀመረች።

“ዛሬም ስድስት ሆነን በአንድ ማይክሮስኮፕ። ተራዬ ሊደርስ ሲል ሰዓቱ አለቀ። የተግባር ፈተና እኮ ደርሷል!”

“ቀድመሽ አትሰለፊም?” አለች እናቷ።

“ቀድሜስ ብሰለፍ? ረጃጅሞቹ ይጋርዱኛል። መምህራችንን ሌሎቹ የታሉ ስንለው፣ ለጥገና ሄደው አልተመለሱም፣ መለዋወጫ ጠፍቷል አለን። አባዬ፣ እውነት ነው? መለዋወጫ ጠፍቶ ነው?”

ወንድሜ የሻይ ብርጭቆውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቁልፉን እየጠመዘዘ ነበር። “መለዋወጫ እንኳ... ዘንድሮ አስቸጋሪ ነው” ሲል ቁልፉ ተበጥሶ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አለ። ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። እናቷም ሳቀች። እኔ ማንኪያ አምጥቼ ቁልፉን አወጣሁት። ዓይኔን ግን ወደ እሱ ማንሣት አልቻልኩም፤ ከክረምቱ ወዲህ የሰፋኋቸው ልብሶች አንድ በአንድ ፊቴ መጡብኝ። ልብሱን የሰፋሁላቸው ሁሉ ተጠግነው ያለቁ ነበሩ።

ግምገማው ሐሙስ፣ የልጅቱ ፈተና ዓርብ ሆነ። እሑድ መጋዘኑ ሲመጣ ወንድሜ በሩን ገርበብ አድርጎ አስቀመጠው። የእኔ ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው በስስ ግድግዳ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል።

“ቀላል ነው” አለ መጋዘኑ። “ነገ በምሳ ሰዓት ወደ ላቦራቶሪው ዕቃ ቤት ታስገባቸዋለህ። ቁልፉን እኔ እሰጥሃለሁ። ከሰዓት በኋላ፣ አሁን ተበላሹ ብለህ እንደ አዲስ ትረከባቸዋለህ። ሐሙስ ሲመጡ የገቡት ገና ሰኞ ነው። ከዚያ አንድ ሁለት ሳምንት አሽተህ ጠግኜ ጨረስኩ ትላለህ። ጀግና ትባላለህ!”

“ልጆቹ እኮ ዓርብ ይፈተናሉ።”

“እስካሁንስ ያለ እነሱ አይደል የተማሩት?”

“ልብሳቸውስ?”

“አውልቀዋ! የታመመ ሰው ሱፍ ለብሶ ሐኪም ቤት ይመጣል እንዴ?”

ወንድሜ አልሳቀም። ሰኞ ማታ ከሥራ ሲገባ ትልቅ ከረጢት ተሸክሞ ነበር። እኔ ክፍል ደጃፍ አስቀመጠና ሳያየኝ፣ “እትዬ፣ እነዚህን እጠቢልኝና አንቺ ዘንድ ይቆዩ” አለኝ። ከረጢቱን ስከፍት ልብሶቹ ናቸው። ሁሉም። ትከሻቸው ላይ የጣት አሻራ የሚያስቀር አቧራ ተኝቶባቸዋል፤ ጎናቸው ግን እንደሰጠሁት ንጹሕ ነው። መጋዘኑ ያለውን እንዳደረገ ገባኝ። አንጀቴን በላው፤ ሳልወቅሰውም ቀረሁ። ታናሼ ይሁን እንጂ የቤቱ አባወራ እሱ ነው፤ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ቦርሳ ሲፈትሽ በዓይነ ኅሊናዬ ይመጣብኛል።

ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ውኃ አጠብኳቸው። የመጀመሪያው ውኃ ጭቃ ሆነ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የልብስ ገመድ አለ፤ አንዱ ከቤቱ ኋላ፣ አንዱ ከበሩ ፊት። ፀሐይ ያለው በፊት ለፊት ነው፤ ወፍራም ጨርቅ ደግሞ ያለ ፀሐይ ከደረቀ ይሸታል። እዚያ አሰጣኋቸው። ሌላ ነገር አስቤ እንደሆነ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን አላገኘሁትም። ነፋሱ ሲገባባቸው ተነፋፍተው፣ ጭንቅላት የሌላቸው ሕፃናት ተራ ይዘው የቆሙ መሰሉ።

ልጅቱ ከትምህርቷ ስትመለስ በሩን ከፍታ እዚያው ቆመች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ክንዷ ላይ ቀረ።

“አክስቴ፣ ይህን የሚለብሱት የተጠገኑት ብቻ አይደሉም?”

እኔ አንዱን እየጨመቅሁ ነበር። “አዎ፣ ልጄ” አልኩ።

በጣቷ መቁጠር ጀመረችና ተወችው። ወደ ቤት አልገባችም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አባቷን ጠበቀችው። እሱም በሩን እንደከፈተ መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

“አባዬ፣ ተጠግነው ነበር?”

“ወደ ቤት እንግባ፣ ልጄ።”

“እዚሁ ንገረኝ። ነበር ወይስ አልነበረም?”

“ነበር።”

“መለዋወጫ ጠፋ አልከኝ እኮ! ዓይን ዓይኔን እያየህ!”

ሚስቱ እጇን እየጠረገች ወጣች። “ቀስ በሉ፣ ጎረቤት ይሰማል። አንቺ ደግሞ፣ አባትሽ ለማን ብሎ ነው የሚያደርገው? ክፍሉ ቢዘጋ የምንሆነውን ታውቂዋለሽ?”

“አውቃለሁ፣ እማዬ። እኔ ግን ሕዋስ የሚባለውን ነገር አንድ ቀን አጥርቼ አይቼው አላውቅም። ሥዕሉን ሸምድጄ ነው። የጋሽ ሌንስ ልጅ ናት እየተባልኩ፣ ሥዕል ሸምድጄ!”

ይህ ነው የወጋው። እስከዚያ ድረስ የሚከራከራት መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ተወው። ሄዶ ልብሶቹን ከገመዱ ያወርድ ጀመር።

“ገና እርጥብ ናቸው” አልኩት።

“ይሁኑ፣ እትዬ። ካውያሽን አሙቂልኝ።”

እኔ በካውያ አደርቃለሁ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ያጥፋል። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው። “ነገ መልሼ አለብሳቸዋለሁ” አለኝ። “ሐሙስ መጋረጃውን እገልጠዋለሁ። ከዚያ ያሉትን ይበሉ።” ያጠፈውን ልብስ መልሶ ይፈታ፣ እንደገና ያጥፍ ነበር። ቆረጥኩ ያለ ሰው ፍርሃት የሚለቀው ይመስለኝ ነበር፤ እሱን ግን አልለቀቀውም። ሚስቱ ያን ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች፤ እሷንም አልፈርድባትም። ጠዋት ልብሶቹን በሁለት ከረጢት ከልጁ ጋር ተካፍለው ተሸከሙ። መንገዱን በሙሉ ሳይነጋገሩ ሄዱ አለችኝ ልጅቱ፤ የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ግን ኮሌታውን አቃናችለት።

የሐሙሱን እሱ ነው የነገረኝ። ኃላፊዋ ከሌላ ገምጋሚ ጋር ገባች። መጋረጃው ተገልጧል፣ ማይክሮስኮፖቹ ለብሰው ተሰልፈዋል። ኃላፊዋ የአንዱን ልብስ ነካችና ጣቷን አሸተተች።

“ጋሼ፣ ይህ ሳሙና ሳሙና ይላል። መቼ ነው ያለቁት?”

ነገራት። መቼ እንደገቡ፣ መቼ እንዳለቁ፣ ለምን እንዳቆያቸው፣ ሰኞ ምን እንዳደረገ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከማን እንዳገኘ ግን አልተናገረም። ሌላው ገምጋሚ፣ “እዚህስ መጋረጃ ነው፤ ሌላ ቦታ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ነው ያየነው” ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

“የነገሩኝን እጽፋለሁ፣ ጋሼ። ቀለሙን ግን ልቀይርልዎ አልችልም።”

“አውቃለሁ።”

“ካወቁ ለምን ነገሩኝ?”

“ልጆቹ ነገ ይፈተናሉ” አላት።

“የእኔም ክፍል ስም እዚያው ሰሌዳ ላይ ነው” አለችው። “ቢጫ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ስገባ ወደ ሌላ እያየሁ ነው የማልፈው።” ከዚያ አንዱን ማይክሮስኮፕ ራሷ አቅፋ አነሣች። ያን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ላቦራቶሪ ገቡ።

ዓርብ ልጅቱ ፈተናዋን ጨርሳ ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ አባቷ ሄደች። “ለሁለት አንድ ደረሰን” አለችው። “አየሁት፣ አባዬ። ይንቀሳቀሳል እኮ! ሥዕሉ ላይ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ እውነተኛው ግን ይንቀሳቀሳል።” ፈተናውን ትለፍ አትለፍ ገና አላወቅንም፤ ውጤቱ አልወጣም። ዘግይታ የጀመረችው ነገር ነው፤ እፈራለሁ።

ቆርቆሮዋ ቀይ ሆነች። መጋዘኑ የዚያን እሑድ ቀረ። የሚቀጥለው እሑድ መጣና ቆሞ፣ “ያንተ ቢጤ ጓደኛ ይቅርብኝ፤ ግቢውን በሙሉ ቁም ሣጥን አስከፈትከው” አለው። ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ሌሎችም ሰላምታ የነፈጉት አሉ። አንድ ቀይ ብቻ ከተጨመረች ክፍሏ ትዘጋለች፤ መለዋወጫው ደግሞ አሁን የምር እየዘገየበት ነው። የቀጣዩ ሩብ ዓመት ግምገማ በወሩ መጨረሻ ነው።

ወንድሜ አሁን አንድ ማይክሮስኮፕ ሲያልቅለት በምሳ ሰዓት ሳይቀር ቤት ይመጣል፤ ልብሱን ካልያዘ አይመለስም። ዕቃው ተጠግኖ ማደር የሚባል ነገር አይፈልግም። በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን እየጠመዘዘ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። እንዳይቸገር ብዬ ባለፈው ሳምንት ጨርቁን አስቀድሜ ቆራርጬ፣ የተወሰኑትንም ሰፍቼ አልጋዬ ላይ ከመርኳቸው። ሲገባ አያቸውና ደነገጠ።

“እትዬ፣ በናትሽ” አለኝ፣ “አንቺም አታከማቺ።”

ከላይ ያለውን አንዱን ብቻ ወስዶ እየሮጠ ሄደ። ሸሚዙ ላይ ቁልፉ እንደሌለ ያየሁት በሩን ከዘጋው በኋላ ነው። መሬቱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ማታ ሲመለስ እሰፋለታለሁ።